ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም

የሰው ልጅ በየዕለቱ ለሚገለገልበት ነገር ስም ያወጣል፤ ስሙም ብዙ ዘመን በቆየ ቍጥር ብዙ ሸክም ይሸከማል። በፍርድ ቤት መዝገብ ፊት ውለን የምናመሽ ጸሐፊዎች አንድ ቃል ሁለት ነገር በተሸከመ ጊዜ ምን ያህል ክርክር እንደሚወልድ እናውቃለን። ሻጭ «ቅባት ብዬ ሸጥሁ» ይላል፤ ገዢ «ቅቤ ብዬ ገዛሁ» ይላል፤ ዳኛውም ቃሉን አስቀድሞ ካልፈታ ነገሩን ሊፈታ አይችልም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ቅባት ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልንናገር አስበናል። ነገሩ ከማጀት የማይርቅ በመሆኑ ቤተ ሰብን ሁሉ የሚመለከት ይመስለናል።

«ቅባት» የሚለው ቃል «ቀባ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ በግዕዙ «ቀብዐ» ይባላል። እንግዲህ የመጀመሪያ ትርጓሜው የሚቀባ ነገር ማለት ነው እንጂ የሚበላ ነገር ማለት አይደለም። ነገሥታት በሚነግሡበት ቀን ቅብዐ መንግሥት ይቀቡ ነበር፤ «መሲሕ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃልና «ክርስቶስ» የሚለው የጽርዕ ቃልም ሁለቱ ትርጓሜያቸው «የተቀባ» ማለት ነው። ከኑግ የሚጨመቀውን ደግሞ አባቶቻችን «ቅብዐ ኑግ» ይሉት ነበርና፣ ይኸው ስም በአማርኛ ተሰብስቦ «ቅባኑግ» ሆነ። በኋላም ከሰሊጥም ከሱፍም ቢጨመቅ የእህል ዘይት ሁሉ ቅባኑግ ይባል ጀመር።

ከእንስሳ የሚገኘውን ግን አማርኛ አንድ በአንድ ለይቶ ያውቀዋል። ከሥጋው ጋር ያለው ስብ ነው፤ ሆድ ዕቃን እንደ መጋረጃ የሚሸፍነው ሞራ ነው፤ በበግ ጅራት የሚጠራቀመው ላት ነው፤ ስብ የበዛበት ሥጋ ጮማ ነው፤ ከወተት ተንጦ የሚወጣው ቅቤ ነው። አያቶቻችን እነዚህን ሁሉ እየለዩ ሲጠሩ፣ ለእያንዳንዱም ቦታውን ለይተው ያውቁ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉን «ቅባት» ወይም «ዘይት» እያልን በአንድ ስም ስለምንጠራ፣ ስሙ አንድ ሲሆን ጥቅሙም አንድ እየመሰለን እንሳሳታለን።

አስቀድመን መልካሙን እንናገር። ባልትና የምታውቅ ሴት ጎመን ዘር ደቁሳ ምጣዷን በማሰሻ ጨርቅ ካላሰሰች፣ እንጀራው ከምጣዱ ጋር ተጣብቆ ያስቸግራታል። ለጋውን ቅቤ ከኮረሪማ፣ ከኮሰረት፣ ከበሶብላና ከአብሽ ጋር ስታነጥረው፣ በውስጡ የነበረው ውሃና የወተት ዝቃጭ ስለሚወጣለት ሳይከረፋ ብዙ ወራት ይቆይላታል። ቅባት በምግብ ውስጥ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የተባሉት ቪታሚኖች የሚሟሙት በቅባት ነውና፣ ጎመንና ካሮት ጥቂት ዘይት ቢነካቸው ሰውነት የበለጠ ይጠቀምባቸዋል። ነገር ግን አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ኀይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር የሚሰጠው 4 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ያደርጋልና በማንኪያ መለካት ይገባል። ይልቁንም ቅቤን፣ ጮማንና በብርድ ጊዜ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ዘወትር ማብዛት ለልብና ለደም ሥር ደግ እንዳልሆነ ሐኪሞች ይመክራሉ።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። በብዙ ቤት ሕፃን በፈላ ውሃ ወይም በእሳት በተቃጠለ ጊዜ ፈጥኖ የሚፈለገው የቅቤ ዕቃ ነው። ቅቤ ጠጕርን ያለሰልሳል፣ የደረቀ ቆዳን ያርሳል፤ እንግዲያውስ ቍስልንም ያበርዳል ብለን እናምናለን። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ቅባት ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ አፍኖ ያቆየዋል፤ ንጹሕ ካልሆነም ቍስሉን ይመርዘዋል። የተቃጠለ ሰው የመጀመሪያ መድኀኒቱ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና የሚፈስስ ውሃ ነው፤ እርሱም እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ሳይቋረጥ ሊፈስስበት ይገባል። በረዶም አይደረግበትም። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቅቤው በዕቃው ይቆይ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። አራስ ሕፃን እንደ ተወለደ ለጋ ቅቤ ማላስ፣ በተቈረጠው እትብት ላይም ቅቤ መቀባት በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ መሆኑን እናውቃለን፤ ለሕፃኑ አንጀቱን ለማለስለስ፣ እትብቱም ቶሎ እንዲደርቅለት ሲሉ ነው። ይሁን እንጂ የአራስ ልጅ ሆድ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ነገር ለመቀበል አልተዘጋጀም፤ እስከ 6 ወር ድረስም የጡት ወተት ብቻውን ይበቃዋል። እትብቱ ደግሞ ገና ያልተዘጋ በር ነው። ባልጸዳ እጅና ባልጸዳ ዕቃ የተያዘ ቅቤ «መንጋጋ ቆልፍ» የሚባለውን የቴታነስ በሽታና ሌላም መርዝ በዚያ በር ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ እትብት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይጠበቃል፤ የጤና ባለሙያ ካዘዘው በቀር ምንም አይቀባም። አያት ቅቤዋን ይዛ ከመጣች ግን አታሳፍሯት፤ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን፣ በአደስ ተለውሶም ለአራሷ ጠጕር የሚሆን ቦታ አለውና፣ ቦታውን ብቻ አሳዩአት።

ሦስተኛው ስሕተት በምድጃ ላይ የሚደርሰው ነው። ዘይት በድስት ውስጥ ከመጠን በላይ ግሎ እሳት በያዘ ጊዜ፣ የሰው እጅ ወዲያው የሚሄደው ወደ ውሃ ነው፤ እሳት በውሃ ይጠፋል ብለን ስላደግን። ውሃ ግን ከዘይት ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል፤ በጋለው ዘይት ሥር ሲደርስም በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና የሚነድደውን ዘይት ወደ ላይና ወደ ዙሪያው ይረጨዋል። በዚህ ምክንያት ድስት ብቻ ይቃጠል የነበረው ቤት ያቃጥላል። ማድረግ የሚገባው ከምድጃው የሚመጣውን ኀይል ማጥፋት፣ ድስቱን በክዳን መግጠም፣ እስኪበርድም አለመንካት ነው። ድስቱን አንሥቶ ወደ ደጅ መሮጥም አይገባም።

የስም መመሳሰል ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን በሞሮኮ አገር የደረሰው ነገር ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በመክነስ ከተማና በአካባቢው ብዙ ሰዎች በድንገት እግራቸው እየከዳቸው መራመድ አቃታቸው። ነገሩ ሲመረመር፣ ነጋዴዎች ከአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ጣቢያ የተረፈ የሞተር ዘይት ገዝተው ከምግብ ዘይት ጋር ቀላቅለው መሸጣቸው ተገኘ። በዚያ የሞተር ዘይት ውስጥ ነርቭን የሚያበላሽ መርዝ ነበረበት። ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ተጎዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዘይቱን የገዙት ዋጋው ስለ ቀነሰ ብቻ የነበሩ ድኾች ናቸው። ማንም ቤተ ሰቡን ሊመርዝ ወደ ገበያ አልሄደም፤ ሁሉ የሄደው ዘይት ሊገዛ ነበር። ሻጩም የሸጠው ዘይት ነበር። በአንዱ ቃል ውስጥ ግን ምግብና መርዝ አብረው ይኖሩ ነበር።

እኛም በአማርኛችን የመኪናውንም የወጡንም «ዘይት» እንላለን። ስለዚህ ጥንቃቄው ለእኛም የሚያስፈልግ ነው። የሞተር ዘይት፣ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኀኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ ዘይትም ለመጠጥ ውሃም አይሆንም። ስያሜና አምራች የሌለው፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ የረከሰ ዘይት አይገዛም። ቅቤም ሲገዛ እንዲሁ ነው፤ ሞራ ወይም የረጋ የአትክልት ቅባት ተቀላቅሎበት «ለጋ» ተብሎ የሚሸጥ መኖሩ የታወቀ ነው። ሲገዙ ደረሰኝ መቀበል፣ በደረሰኙም ላይ «ቅባት» ሳይሆን «ቅቤ» ተብሎ መጻፉን ማየት ይበጃል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ያቺ አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትረዳ የሚያውቅ ወረቀት ያገላበጠ ሰው ነው።

በጋራዥ የሚሠሩ ልጆቻችን ደግሞ «ግራሶ» የሚሉት ሌላ ቅባት አላቸው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ በዚያ ቋንቋ ስብ ማለት ነው። ግራሶ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከማዕድን ዘይት ሲሆን፣ እንዲወፍርና ከቦታው እንዳይፈስስ በሳሙና ዓይነት ነገር ይጠነክራል። ኩሽኔታ ያለ ግራሶ ቢዞር ብረት ብረትን እየበላ ይግላል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ይኸው ግራሶ የነካው ቱታ ግን ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብም፤ ግራሶ የነካው እጅም በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቈርስም። ውሃ ብቻውን ቅባትን አያነጻም፤ ሁለቱ አይስማሙምና። ሳሙና ግን በአንድ ወገኑ ቅባትን፣ በሌላው ወገኑ ውሃን ስለሚይዝ እንደ ሽማግሌ አስታርቆ ይወስዳቸዋል። የሚያስገርመው ሳሙና ራሱ የሚሠራው ከስብና ከዘይት መሆኑ ነው።

በነጠላ ላይ ወጥ የፈሰሰ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ቅባቱን ማስጠጣት፣ ከዚያም አራግፎ በሳሙና ማሸት ይረዳል። የተረፈውን ስብ ግን በዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ማፍሰስ አይገባም። ሲፈስስ ፈሳሽ ቢሆንም በቧንቧው ውስጥ በርዶ ይረጋልና መንገዱን ይዘጋል። በለንደን ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. ከመሬት በታች በፍሳሽ ቦይ ውስጥ የተገኘው የረጋ ስብና ቆሻሻ 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው። ያ ሁሉ ከየማድ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ የፈሰሰ ነው።

ስሙ ቅባት ሆኖ ነገሩ ቅባት ያልሆነም አለ። ሽማግሌ አባት ወይም አሮጊት እናት ማየት ሲሳናቸው «ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው» እንላለን። ስለዚህ ሞራ በቅባት ወይም በቅጠል ጭማቂ የሚገፈፍ መስሏቸው ዓይን ውስጥ ልዩ ልዩ ነገር የሚጨምሩ አሉ። የዓይን ሞራ ግን ከበሬ ሆድ እንደሚወጣው ያለ ስብ አይደለም። በዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሌንስ ደፍርሶ የሚመጣ ነው፤ ምንም የሚቀባ ነገር አያጠራውም። ሐኪም ግን በአጭር ጊዜ ቀዶ ሕክምና የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካለታል፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ በማግስቱ የልጅ ልጁን ፊት ያያል። ስለ አንድ ስም ብለን ወላጆቻችንን በጨለማ ማስቀመጥ አይገባንም።

በመጨረሻም ወደ ምላስና ወደ እጅ እንመለስ። አማርኛ የሚያባብልን ሰው «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ይለዋል፤ ቅቤው ጩቤው ሳይቧጭር እንዲገባ የሚያደርግ ነው ማለት ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ደግሞ ጉቦ መስጠትን እጅን በስብ እንደ መቀባት አድርገው ይናገሩታል፤ የደረቀ በር ሲቀባ ሳይጮህ እንደሚከፈት ሁሉ። በእኛም አገር «እጅ መንሻ» በጥንት የአክብሮት ስጦታ ስም ነበር፤ በኋላ ጉቦ ተከናንቦት ይሄድ ጀመር። አንዳንድ ሰው «ነገሩ እንዲፈጥን ጥቂት ነገር ነካ ባደርግለት ምን አለበት፤ ማሽንስ ያለ ዘይት ይዞራልን?» ይላል። ይህም ያው የስም ስሕተት ነው። የኩሽኔታ ቅባት ለሁሉ ጥርስ እኩል ይደርሳል፤ የእጅ ቅባት ግን የአንዱን መዝገብ ወደ ላይ ሲያወጣ የባልቴቲቱን መዝገብ ወደ ታች ያወርዳል። «ሙስና» የሚለው የግዕዝ ቃልም ትርጓሜው ጥፋትና ብልሽት ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቍጥር 881 የሚቀጣውም ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ቅባት በቦታው ሲሆን እንጀራን ከምጣድ፣ ብረትን ከብረት ያላቅቃል፤ ያለ ቦታው ሲሆን ግን ቍስል ያመረቅዛል፣ ቤት ያቃጥላል፣ ፍርድ ያጣምማል። ለልጆቻችሁ ስሙን ስታስተምሩ ቦታውንም አብራችሁ አስተምሯቸው፤ በማድ ቤታችሁም ያሉትን ዕቃዎች ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ ተመልክታችሁ፣ የምግቡን ከማይበላው ለይታችሁ አስቀምጡ።