የሰው ቁስል አማና ነው

መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ሆናችሁ ስለ ጥቃት ፊልም ለመጻፍ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ሐሳባችሁ መልካም ነው። ግን «ድፍረት»ን አስታውሱ። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ነው፤ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ነጻ ባወጣት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቷል። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል አቤቱታ ነበርና።

የተጎዳች ልጅ ታሪክ አማና ነው። አስቀድማችሁ እሷን ጠይቁ፤ እምቢ ካለች ተዉት። ስም መቀየር ብቻውን አይሸፍናትም፤ በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። የራሳችሁን ቁስል ጻፉ፤ ወይም ከብዙ ቤት የሰማችሁትን አዋህዳችሁ አዲስ ሰው ፍጠሩ። ለተበደለች እንቆማለን ብለን እሷኑ መልሰን አንበድል።