ሻጩ ወደ ቤቱ ሲገባ

ባለፈው እትም ስለ ቤት ወጪ ከጻፍሁ በኋላ የደረሱኝን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አንብቤአለሁ። ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ ገንዘብ ማነስ አይደለም። ባል የሚያገኘውን ሳይናገር፣ ሚስትም ያለባትን ዕዳ ሳትገልጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ስለ መኖር ነው። አንዷ እህት፣ ባሏ ከሰው የተበደረውን «ዕቁብ ወጣልኝ» እያለ እንደሚያስረክባትና እርሷም እያወቀች «ተመስገን» ብላ እንደምትቀበል ጽፋልኛለች። ለዚህ ጉዳይ ምክር ከመደርደሬ በፊት ስለ አንድ ተዋናይ ላጫውታችሁ። የፓስተር ሚስት ስለ ቲያትር ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም፤ እስክጨርስ ታገሡኝ።

ተዋናዩ ብራያን ዴኔሂ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። በስሙ ባታውቁት በመልኩ ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የመጀመሪያው የራምቦ ፊልም ላይ፣ ራምቦን ከከተማው ካላስወጣሁ ብሎ መከራ የሚያበላው ያ ደንዳና የፖሊስ አዛዥ እሱ ነው። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ያንን ፊልም ያላየ የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ዴኔሂ ኤፕሪል 15 ቀን 2020 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ሰሞን የብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች በኮሮና ምክንያት በራቸውን ዘግተው ነበር፤ እሱን የገደለው ግን ኮሮና አልነበረም። እኔ የማስታውሰው በራምቦ አይደለም፤ ዊሊ ሎማን የተባለውን ሰው ሆኖ በተጫወተበት ድራማ ነው።

ድራማው አርተር ሚለር የጻፈው «ዴዝ ኦፍ ኤ ሴልስማን» ነው፤ እኛ «የሻጩ ሞት» እንበለው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በኒው ዮርክ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1949 ነበር። ልክ 50 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1999፣ በዚያው ከተማ እንደገና መድረክ ላይ ሲወጣ ዊሊን የተጫወተው ዴኔሂ ነው። ደራሲው ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ የሞተው በ2005፣ በዚያችው በፌብሩዋሪ 10 ቀን ነው። ዝግጅቱን ሮበርት ፎልስ አስቀድሞ በ1998 ቺካጎ በሚገኘው ጉድማን ቲያትር አቅርቦት ነበር። ዴኔሂ በ1999 የቶኒ ሽልማት አገኘበት፤ ሚስቱን ሊንዳን ሆና የተጫወተችው ኤልሳቤጥ ፍራንዝም እንዲሁ። በ2005 ደግሞ ለንደን ላይ ተጫውቶት በተከታዩ ዓመት የኦሊቪየ ሽልማት ተቀበለበት። እኔ አዳራሹ ውስጥ አልነበርሁም፤ በ2000 ለቴሌቪዥን የተቀረጸውን ነው ከባለቤቴ ጋር ያየሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዊሊ ሎማን የ63 ዓመት ሰው ነው። ከከተማ ከተማ በመኪናው እየዞረ የአንድ ኩባንያ ዕቃ ይሸጣል። ምን እንደሚሸጥ ደራሲው አንድም ቦታ አይነግረንም፤ እኔ ግን ዊሊ ይሸጥ የነበረው ራሱን ነው ባይ ነኝ። ሰው ከወደደኝ፣ ፈገግታዬ ካማረ፣ ስሜ ከታወቀ ሁሉ ይሆናል ብሎ ኖሯል። አሁን አርጅቷል። የሚያውቁት ደንበኞች ሞተዋል፣ አንዳንዶቹም ሥራ ትተዋል። ኩባንያው ደመወዙን አቋርጦበት በኮሚሽን ብቻ ያሠራዋል። ድራማው ሲጀምር ሁለት ከባድ የዕቃ ሻንጣ ይዞ በሌሊት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊሸጥ ወጥቶ ሳይሸጥ ነው የመጣው፤ መኪናው ከመንገድ እየወጣበት መንዳት አልቻለም።

ሻንጣዎቹን የሚያስቀምጥበትን ሁኔታ ልብ ብላችሁ እዩ። ዴኔሂ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ90 ገደማ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን እግር ኳስ የተጫወተ፣ ትከሻው በር የሚሞላ። ሚለር ድራማውን ሲጽፍ በሐሳቡ የነበረው ትንሽዬ ሰው ነበር። በ1949 የተመረጠው ሊ ጄ ኮብ ግን ትልቅ ሰው ስለ ነበረ፣ ዊሊ «እንዲህ ብለው ሰደቡኝ» የሚልበት ቦታ ላይ ያለው ስድብ ከትንሽ የባሕር እንስሳ ወደ ትልቅ የባሕር እንስሳ ተለወጠ። በ1984 አጭሩ ደስቲን ሆፍማን ሲጫወተው ስድቡ ወደ ቀድሞው ተመለሰ! ይህ ቀልድ ቢመስልም ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር አለው። ትንሽ ሰው ሲወድቅ እናዝንለታለን። ዴኔሂን የሚያክል ሰው ሲወድቅ ግን የምናስበው ማን ያነሣዋል ብለን ነው። ሚስቱ ሆና የቆመችውም ደቃቃዋ ፍራንዝ ናት። ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ ስትል ስታዩ፣ ያንን ሁሉ ክብደት ስንት ዓመት ተሸክማ እንደ ኖረች ያለ ቃል ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። በድራማው ውስጥ ዊሊ ያለፈውን ዘመን የሚያይበት ትዕይንት አለ። ከጉዞ ተመልሶ እየፎከረ ይገባል፤ ፕሮቪደንስ ላይ 500 ግሮስ፣ ቦስተን ላይ 700 ግሮስ ሸጥሁ ይላል። ግሮስ 12 ደርዘን ማለት ነው። ሊንዳ ደስ ብሏት እርሳስ ታነሣለች፣ ኮሚሽኑን ታሰላለች፤ 212 ዶላር! ይኼኔ ዊሊ ማፈግፈግ ይጀምራል። ያን ያህል እንኳ አይሆንም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ በጉዞው ሁሉ 200 ግሮስ ገደማ ይሆናል። ሊንዳ እንደገና ታሰላለች፤ 70 ዶላር ከሳንቲም። አትቆጣውም። መልካም ነው ትለዋለች። ቀጥላ ግን መከፈል ያለበትን ትቆጥራለች፤ ለፍሪጁ 16 ዶላር፣ ለልብስ ማጠቢያው 9 ዶላር ከ60፣ ለቆሻሻ መጥረጊያው መኪና 3 ዶላር ተኩል፣ ለጣሪያው 21 ዶላር፣ የመኪናው ካርቡሬተር ሳይረሳ። ሲደመር እስከ ወሩ አጋማሽ 120 ዶላር ገደማ ይፈለጋል።

ዴኔሂ ይህን ሲጫወት የቁጥሩ ቁልቁል መውረድ በሰውነቱ ላይ ይታያል። በ1,200 ግሮስ ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ በ200 ግሮስ ወንበር የሚፈልግ ሽማግሌ ይሆናል። ውሸታም ሰው እየተጫወተ አይደለም። ሚስቱ ፊት ትልቅ ሆኖ መታየት የሚፈልግ፣ ለዚህም ከቁጥር በቀር የሚያቀርበው የሌለው ሰው ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ሰው አታውቀውም? እህቴ፣ አንቺስ የዚያችን እርሳስ ነገር አታውቂውም?

ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጥ ይከብዳል። ዊሊ ከጎረቤቱ ከቻርሊ በየሳምንቱ 50 ዶላር እየተበደረ «ደመወዜ ነው» ብሎ ለሊንዳ ይሰጣታል። ሊንዳ ታውቃለች። ለልጆቿ ትነግራቸዋለች፣ ለእሱ ግን ትንፍሽ አትልም። ሌላም የምታውቀው አለ። ምድር ቤት፣ ከጋዝ ማሞቂያው አጠገብ፣ ባሏ ራሱን ሊያጠፋበት የደበቀውን አጭር የጎማ ቱቦ አግኝታለች። በየቀኑ ወርዳ ታነሣዋለች። እሱ ወደ ቤት ሲመለስ ደግሞ መልሳ ቦታው ታደርገዋለች፤ ማወቋን ቢያውቅ ያፍራል ብላ ነው።

እኛ ዘንድ የባሏን ገበና የምትሸፍን ሚስት ትመሰገናለች። ሊንዳን የሚያህል ሸፋኝ ደግሞ ከየት ይገኛል? ፍራንዝ ይህችን ሴት አልቃሻና የዋህ አድርጋ አልተጫወተቻትም፤ ልጆቿ አባታቸውን ሲንቁ እንደ ነብር ትነሣባቸዋለች። ስለዚህ ሊንዳን በቀላሉ መውቀስ አልችልም። ነገር ግን ገበና የሚሸፈነው ከጎረቤትና ከዘመድ ነው እንጂ ከገበናው ባለቤት አይደለም። በባልና በሚስት መካከል የተዘረጋ መሸፈኛ ሌላ ስም ያስፈልገዋል። ሊንዳ ባሏን ከኀፍረት ስታድን፣ ያ ትልቅ ሰው ሻንጣውን በእውነት የሚያስቀምጥበት ቦታ በገዛ ቤቱ ውስጥ አጣ። ይህ የእኔ አመለካከት ነው፤ የማትስማሙ ጻፉልኝ። «አንቺ በሊንዳ ቦታ ብትሆኚ ቱቦውን ይዘሽ ፊቱ ትቆሚ ነበር ወይ?» ለምትሉኝ ግን የምመልሰው፣ በእጄ ይዤው ባልቆምም ብቻዬን አልይዘውም ብዬ ነው። ለልጆች ከመንገር ለሐኪም፣ ለሚታመን ሽማግሌ፣ ለራሱም ለባልየው መንገር ይሻላል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ይህን ዓምድ እስክትጨርሱ እንኳ አትጠብቁ።

የሥራ ቦታውን ትዕይንት በአጭሩ ልለፈው። ዊሊ የቀድሞ አለቃውን ልጅ ሃዋርድን ከመንገድ ሥራ አውጥተህ እዚሁ አሠራኝ ብሎ ይለምነዋል። ሃዋርድ አዲስ የገዛውን ድምፅ መቅጃ እየነካካ የልጆቹን ድምፅ ያሰማዋል። ዊሊ በሳምንት 65 ዶላር ብሎ ይጀምራል፣ ወደ 50 ይወርዳል፣ በመጨረሻ 40 ይላል። እንደ ግሮሱ ሒሳብ ሁሉ እዚህም ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠያቂው ትልቅ ሰው፣ ተጠያቂው ልጅ እግር። ከሥራም ይባረራል። ቻርሊ ሥራ ልስጥህ ቢለው እምቢ አለ፤ ብድሩን ግን ተቀበለ። ለምን ይመስላችኋል? ብድሩን ቤት ወስዶ ደመወዝ ሊለው ይችላል። የቻርሊ ተቀጣሪ መሆኑን ግን ምንም ሊለው አይችልም።

ስለ ተዋናዩ ራሱም ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ዴኔሂ ወደ ትወና ከመግባቱ በፊት የጭነት መኪና ነድቷል፣ መጠጥ ቤት ሠርቷል፣ አክሲዮንም ሸጧል፤ በፊልም የታወቀው ወደ 40 ዓመቱ ገደማ ነው። በወጣትነቱ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ነበር። ቬትናም ግን አልዘመተም። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ለጋዜጠኞች ቬትናም ዘምቼ ቆስዬአለሁ እያለ ይናገር ነበር። ነገሩ በመጽሐፍ ወጣበት። በ1999፣ ማለትም ዊሊ ሎማንን በብሮድዌይ በተጫወተበት በዚያው ዓመት፣ መዋሸቱን በግልጥ አምኖ በእውነት የዘመቱትን ይቅርታ ጠየቀ። ወሬውን አንዴ ከጀመረው በኋላ እንዴት እንደሚያስተካክለው እንዳላወቀም ተናግሯል።

ይህን የማነሣው የሞተን ሰው ለማሳጣት አይደለም፤ እሱ ራሱ ለሕዝብ የተናገረው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ምሽት 1,200 ግሮስ ብሎ ጀምሮ 200 ላይ የሚደርስ ሰው ሆኖ ይቆም የነበረው፣ ይህ ሸክም ምን እንደሚመዝን በራሱ ትከሻ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሁለቱን ነገሮች እሱ ራሱ ያገናኛቸው እንደ ሆነ አልናገርም። እኔ ግን ሳየው አገናኘኋቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ደግሞ ይበልጥ።

በመጨረሻው ምሽት በአባትና በታላቁ ልጅ በቢፍ መካከል የሚሆነውን ጠብ ስታዩ መሐረብ አዘጋጁ። በብሮድዌይ መድረክ ላይ ቢፍን የተጫወተው ኬቪን አንደርሰን ነው። ልጁ ከብዙ ዓመት በፊት አባቱን ቦስተን ሆቴል ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር አግኝቶታል። እናቱ ቤት ቁጭ ብላ የተቀደደ ስቶኪንግ ስትጠግን፣ አባቱ ለዚያች ሴት አዲስ ስቶኪንግ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል እውነት የሚባል ነገር አልኖረም። በዚህ ምሽት ቢፍ ያንን የጎማ ቱቦ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ስለ ራሱም ሳይሸፋፍን ይናገራል፤ እኔ አንተ እንደምታስበው ትልቅ ሰው አይደለሁም ይላል። ይጮኻል፣ ከዚያም አባቱን አንቆ ይይዝና ያለቅሳል። ዊሊ የልጁን ፊት በእጁ ይዳብሳል። የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይወደኛል። ዴኔሂ ይህችን ቅጽበት ሲጫወት በዚያ ሰፊ ፊት ላይ የሚታየው ደስታ የሕፃን ደስታ ነው።

ከልጁ ንግግር ግን የሰማው እኩሌታውን ነው። እንዲህ የሚወደኝ ልጅ የሕይወት ኢንሹራንሴን 20,000 ዶላር ቢያገኝ የት በደረሰ ብሎ፣ በዚያችው ሌሊት መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ለቀብሩ ከየአገሩ ብዙ ሰው ይመጣል ብሎ ያስብ ነበር። የመጡት ሚስቱ፣ ሁለቱ ልጆቹ፣ ቻርሊና የቻርሊ ልጅ ናቸው። ሊንዳ ከመቃብሩ አጠገብ ለብቻዋ ትቀራለች። ማልቀስ አቅቷታል። ለ25 ዓመት ሲከፍሉት የኖሩት የቤቱ ዕዳ በዚያው ቀን ተከፍሎ እንዳለቀ ትነግረዋለች። ዴኔሂ በዚህ ትዕይንት ላይ የለም፤ የተቀረጸው ፊልም የሚያሳየው ፍራንዝንና አበባውን ነው። የእኔ ዓይን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ከጎኗ ያንን ሰፊ ትከሻ ይፈልግ ነበር።