መስኮቱ ይዘጋ ለምትሉ፦ ጣሪያው ይከፈት እንላለን

በዚህች አገር የብዙኃኑ ድምፅ ያለ ምርጫ ቦርድ፣ ያለ ታዛቢ፣ እዚያው በዚያው ተቆጥሮ የሚጸድቅበት አንድ ቦታ አለ። እሱም የአገር አቋራጭ መኪና መስኮት ነው። አንዱ ተሳፋሪ ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ሲያደርገው «ኧረ ዝጋው ወንድሜ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። «ሕፃን ይዣለሁ እኮ» ትላለች አንዷ። «ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ?» ይላል ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው። ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መስኮቱ ይዘጋል። የእኛ ወገን፣ ማለትም «ትንሽ አየር ይግባ» ባይ ፓርቲ፣ በዚህ ምርጫ አሸንፎ አያውቅም። ስለዚህ የመስኮቱን ፖለቲካ ለጊዜው ትተን ወደ ጣሪያው ልንወጣ ነው።

ነገሩን በደንብ ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። 130 ኪሎ ሜትር ሄደን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ጣርማበር ስንደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተናል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ እናልፍና ቁልቁለቱን እንያያዘዋለን። ደብረ ሲናን አልፈን የይፋት ቆላ ውስጥ ገብተን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ሆኗል። ከ1,700 ሜትር በላይ ወርደናል ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል የሚለውን የተለመደ ስሌት ከያዝን፣ አንድ ቁልቁለት ብቻ 11 ዲግሪ ጨምሮልናል። ከዚህ ላይ የቆላው ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የሚሆነውን ለአንባቢ ግምት እንተዋለን።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «መስኮት ይዘጋ» የሚለው ሕግ የወጣው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። እዚያ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ስለሚገባ ምክንያት አለው። ነገር ግን ሕጉ ጣርማበር ላይ ሳይሻር ሮቢት ድረስ ይወርዳል። ሰው ጋቢውን አውልቆ፣ ሹራቡን አውልቆ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ መስኮቱን ግን አይነካም። የደጋ ሕግ ቆላ ላይ ሲተገበር ማለት ይህ ነው።

ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ቁጭ ያለ አንድ ጎልማሳ ሰው ከሰውነቱ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። በአንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ውስጥ 30 ሰው ቢቀመጥ (ትርፍ የተጫነውን አልቆጠርንም) 3,000 ዋት ሆነ ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,500 ዋት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በሩንና መስኮቱን ዘግተን በምንጓዝበት ክፍል ውስጥ አንድ ምጣድ ለኩሰን ተቀምጠናል ለማለት ትንሽ ነው የቀረን። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው በትንፋሹና በላቡ እርጥበት ይጨምራል። እርጥበቱ ሲበዛ ላብ አይደርቅም። ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይሳነዋል። ከዚያ የጣርማበር ጠመዝማዛ ሲጨመርበት የሎሚ ሽታ፣ የብርቱካን ልጣጭና ፌስታል ከኋላ ወደ ፊት መቀባበል ይጀመራል። ቀጣዩን ታውቁታላችሁ፤ ምሳ የበላችሁ ካላችሁ ብለን አንዘረዝረውም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ ከ2021 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች። ቲቢ በእጅ መጨባበጥ አይተላለፍም፤ በጋራ በምንተነፍሰው አየር እንጂ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ በ8 ሆስፒታሎች ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። መስኮትና በራቸው የተከፈቱ ክፍሎች አየራቸው በሰዓት ወደ 28 ጊዜ ሲለዋወጥ፣ በማሽን ይተነፍሱ ከነበሩት ዘመናዊ ክፍሎች የሚጠበቀው 12 ጊዜ ነበር። ያለ አንዳች ወጪ የተከፈተ መስኮት ማሽኑን በለጠው ማለት ነው። እኛም ኮሮና መጋቢት 2012 ዓ.ም ወደ አገራችን ሲገባ «መስኮት ክፈቱ» ተብለን ከፍተን ነበር። ወረርሽኙ ከዜና ሲወጣ መስኮቱም አብሮ ተዘጋ።

«እሺ፣ ጣሪያው ላይ እኮ መተንፈሻ አለ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አለ። ወደ ላይ ገፋ ተደርጎ የሚከፈተው ያ አራት ማዕዘን ክዳን ማለታችን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ መኪናው ሲሮጥ ደግሞ በላዩ የሚያልፈው ነፋስ የውስጡን አየር ስቦ ያወጣል። ችግሩ ግን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ክዳኑ በደንብ የሚሠራው መኪናው ሲሮጥ ነው። ሙቀቱ የሚብሰው ግን መኪናው ሲቆም ነው። መናኸሪያ ውስጥ «አንድ ሰው የቀረው» እየተባለ ሰዓት ሙሉ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ በየኬላው ለፍተሻ በሚቆምበት ጊዜ፣ ያ ክዳን እንዲሁ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛ፣ ከሮቢት የሚመለስ መኪና ጣሪያው ላይ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ማሾ ተጭኖበት ሸራ ይለብሳል። ሸራው ከክዳኑ በላይ ሲታሰር መተንፈሻው አፉን ተያዘ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ደጋ ላይ ዝናብ ሲያንጠባጥብ ባለቤቱ የሚያደርገው ክዳኑን ማሳደስ አይደለም፤ ዙሪያውን በሲሊከን ገጥግጦ እስከ ወዲያኛው ማሸግ ነው። ከዚያ በኋላ ለጌጥ ይቀመጣል።

የእኛ ሐሳብ አጭር ነው። ያ ክዳን ተነስቶ በቦታው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ይግባበት።

ፈረንጆቹ ይህን ካደረጉት ቆይተዋል። አልጋውን፣ ምድጃውንና ውሃውን ይዞ በጎማ የሚዞር «አርቪ» የሚባል ቤት አላቸው። (አፋሩ ጎረቤታችን ቤቱን በግመል ጭኖ መዞር ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው! ዳቦይታው ደግሞ ሰሌኑ ገለጥ ሲደረግ ነፋስ ያስገባል፤ ማንም «ዝጋው» አይለውም።) እነዚያ የጎማ ቤቶች ሲሠሩ ጣሪያቸው ላይ ከ35 በ35 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ አላቸው። ባለቤቶቹም ተራውን ክዳን አንስተው በዚያው ቀዳዳ ላይ ፋን ይተክላሉ። በመኪና ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠራው ይህ ፋን በሙሉ ኃይሉ 30 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ከአንዱ የፊት መብራት አምፖል ያንሳል። ጥሩ የሚባለው ዓይነት በወረቀት ላይ በደቂቃ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ አየር ያወጣል። የአንድ ቅጥቅጥ የውስጥ ስፋት ከዚህ ብዙም ስለማይበልጥ፣ በተግባር ግማሹን እንኳ ቢሠራ በየሁለት በየሦስት ደቂቃው አየሩ ተለወጠ ማለት ነው።

«ባትሪ ይጨርሳል» የሚል ሾፌር ካለ ስሌቱ ይኸው፦ 30 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 2.5 አምፔር ነው። ሞተር ጠፍቶ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢሠራ ከ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚወስደው 4 በመቶ አይሞላም። አይሱዙው 24 ቮልት ስለሆነ የሚስማማውን ፋን መግዛት ወይም ቮልቱን የሚቀንስ ዕቃ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ለመኪና ኤሌክትሪሻን አዲስ ነገር አይደለም። የመኪናውን ቦዲ ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ ለሚያወጣ ባለሙያም አንድ ቀዳዳ ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሥራው ግን በደንብ ይሠራ። የድሮው ሲሊከን ተፍቆ ካልጸዳ አዲሱ አይይዝም፤ የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ዝናብም ይመሰክራል። መስመሩ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። በቀዳዳው ላይ ወንፊት ይኑር፤ ሮቢት የወባ አገር ናት፣ ሲመሽ ትንኝን ትኬት ሳትቆርጥ ማሳፈር አያስፈልግም። ክዳኑ የአደጋ ጊዜ መውጫ በሆነባቸው አውቶቡሶች ላይ መውጫው አይነካ፤ ፋኑ ሌላ ቦታ ይፈለግለት። ጣሪያ ላይ የሚጫነው ዕቃም ፋኑን እንዳይሸፍን ዙሪያው በብረት ይታጠር።

ከሁሉ በላይ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። አየር እንዲወጣ አየር መግባት አለበት። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ፋኑ ቢስብ አየሩን የሚያመጣው ከየት ይመስላችኋል? ከወለሉ ቀዳዳና በደንብ ከማይገጥመው የኋላ በር ነው። በዚያ በኩል የሚገባው ደግሞ የጭስ ማውጫው ጭስ ነው። ስለዚህ ከፊት በኩል አንድ መስኮት ትንሽ ገርበብ ይበል፣ የወለሉ ቀዳዳ ይደፈን፣ የኋላው በር ጎማ ይቀየር።

«እንግዲህ ተመልሳችሁ መስኮት ክፈቱ ልትሉን ነው» እንዳትሉን። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሚሮጥ መኪና ላይ የተከፈተ መስኮት ነፋሱን ከኋላ በተቀመጠው ሰው አንገትና ጆሮ ላይ ነው የሚለቀው። እናቶቻችን የሚፈሩት ምችም ብርድም ይህን ነው። የሚስብ ፋን ግን አየሩን ቀስ አድርጎ ከፊት ወደ ላይ ያወጣዋል እንጂ ማንንም ፊት ላይ አይመታም። ማብሪያው በሾፌሩ ወይም በረዳቱ እጅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በየመቀመጫው ድምፅ የሚሰጥበት መሆኑ ይቀራል። ደጋ ላይ ዝቅ ይላል፣ ደብረ ሲና ሲደርስ ከፍ ይላል፣ አለቀ።

ሌላ ተቃውሞም እንሰማለን። «ኤሲ ያለው አውቶቡስ አለ፣ በሱ ሂዱ» ይሉናል። ከአዲስ አበባ ደሴ በአንድ ትንፋሽ የሚሄደው ሰው አቅሙ ካለው ይሂድ፤ ደግ ነው። ከሮቢት አጣዬ፣ ከአጣዬ ሰንበቴ ገበያ፣ ከዚያም ከሚሴ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ተማሪና በሽተኛ ግን የሚሳፈረው በአይሱዙና በሚኒባስ ነው። ስለ እሱ ነው የምናወራው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ይህ መንገድ ስንት አይቷል! አጣዬ በ2013 ዓ.ም ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ሰው በሰላም ወጥቶ መግባቱ ሳይረጋገጥ እናንተ ስለ ፋን ታወራላችሁ?» ይህን ለሚል ወገን አክብሮት አለን። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን መንገዱ በታወከ ቁጥር መኪናው የሚቆምበት ሰዓት ይረዝማል። ኬላ ላይ ተሰልፎ፣ ተሳፋሪው ውስጥ እንደታጨቀ፣ በቆላው ፀሐይ መጠበቅ ይመጣል። በሮጠ ጊዜ ብቻ የሚተነፍስ መኪና ለእንዲህ ዓይነቱ ዘመን አይሆንም። ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና አስም ያለበት ሰው አብረው ታጭቀው ሲጠብቁ አየር ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ከማን ምን እንፈልጋለን? ከቦዲ ሠሪዎች፦ አዲስ ቅጥቅጥ ሲሠራ የፋኑ ቀዳዳና የኤሌክትሪክ መስመሩ ከመጀመሪያው ይዘጋጅ፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከመቅደድ ይህ ይረክሳል። ከባለንብረቶች፦ ለቴፕና ለባለ ቀለም መብራት የወጣው ገንዘብ ሩቡ ለጣሪያው ይዋል። በየዓመቱ ቦሎ ለመስጠት መኪና ከሚመረምሩት፦ ፍሬንና መብራት ስታዩ እግረ መንገዳችሁን ቀና በሉና የጣሪያው ክዳን መከፈቱን እዩ። በሲሊከን የታሸገ መተንፈሻ ይዞ ሰው የሚጭን መኪና ሙሉ ጤነኛ ተብሎ ማለፍ የለበትም።

ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን የምንፈልገው ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ረዳቱን «ይሄ የጣሪያ ክዳን ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ይስቅባችኋል። አሥረኛው ተሳፋሪ ሲጠይቀው ለሾፌሩ ይነግረዋል። ሃምሳኛው ሲጠይቀው ባለንብረቱ ጋ ይደርሳል። ባለንብረት ደግሞ ተሳፋሪ ወደ ጎረቤት መኪና ሲሄድበት ከማየት ፋን መግዛት ይቀለዋል።