የቡና መፈልፈያው ናፍጣ

ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በየዓመቱ ለነዳጅ ግዥ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ግን ከዚህ ይበልጣል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ሁለቱ ሒሳቦች በአንድ ግቢ ይገናኛሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ዶላር የሚያስገኘው እሸት ቡና የሚፈለፈለው በናፍጣ ሞተር ነውና።

መንግሥት ከነዳጅ ጥገኝነት ለመላቀቅ እስካሁን የወሰዳቸው ጎላ ያሉ እርምጃዎች ሁለት ናቸው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ተደረገ፤ በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ የአውቶሞቢሉ ክልከላ በይበልጥ የሚመለከተው የከተማውን ነዋሪ ሲሆን፣ የድጎማው መነሣት ግን አማራጭ የሌለውን ገጠር ተጭኗል። ድጎማ ማንሣት ተጠቃሚውን ከናፍጣ የሚያላቅቀው ሌላ ኃይል በደጁ ሲኖር ብቻ ነው።

እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይኖርበታል፤ ካደረ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ናፍጣው ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ሚዛን የሚደርሰው። በለቀማው ወራት አቅርቦቱ ለሁለት ቀን ቢስተጓጎል ማጠቢያ ጣቢያው እሸት መቀበል ያቆማል፤ ገበሬውም ቡናውን አድርቆ በጀንፈል ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ዋጋው ሲንርም ጣቢያው ጭማሪውን የሚያካክሰው ለእሸቱ ከሚከፍለው ላይ ነው፤ የዓለም ገበያ ዋጋ በእጁ አይደለምና።

አማራጩ የጠፋው በተፈጥሮ ንፍገት አይደለም። ደቡብ ምዕራብ በዝናብ ከአገሪቱ ቀዳሚ ነው። በሸኮ ወረዳ የሚገኘው የደምቢ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በ1980ዎቹ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተገደበ ሲሆን፣ የማመንጫው አቅም 800 ኪሎዋት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀው 5,150 ሜጋዋት የሕዳሴ ግድብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን አንድ መፈልፈያ አሥር ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል ቢባል፣ ይኸው ኢምንት ሰማንያ መፈልፈያዎችን ያንቀሳቅሳል። ለቀማው የሚደርሰውም ክረምቱ ወንዞቹን ሞልቶ ባለፈ ማግሥት ነው።

በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ 65 ከመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን ከመስመር ውጭ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ ያለመ ነበር። ቀኑ አልፏል፤ ግቡ አልተደረሰበትም። ከመዘግየቱ የሚብሰው ግን ስኬቱ የሚለካበት መንገድ ነው። አምፖል የበራለት ቤት ኤሌክትሪክ አገኘ ተብሎ ይቆጠራል፤ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የሚፈልገው መፈልፈያ ግን በዚያው መንደር ናፍጣውን ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ስለዚህ የፌዴራሉና የክልሉ መንግሥታት የማጠቢያ ጣቢያዎችን በመስመር ዝርጋታው ቅደም ተከተል ውስጥ በስም ሊያስገቧቸው፣ መስመር በቅርቡ በማይደርስባቸውም አነስተኛ የውኃ ማመንጫዎችን ሊያቋቁሙ ይገባል። የኃይል መቆራረጡ የታወቀ ነውና የናፍጣ ሞተሩ ለጊዜው በመጠባበቂያነት ይቆይ። ዝርጋታው ግን ከመስከረም በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ በኅዳር የሚደርስ መስመር ለዚያ ዓመት ቡና አይሆንም።