የጓሮ አትክልት በድርቅ እንዳይጠፋ የዝናብን ውሃ ስለ መያዝ



በበጋ ወራት ከየወረዳው የሚጻፈው ደብዳቤ አብዛኛው የጉድጓድና የውሃ መሳቢያ ሞተር ልመና ነው። ልመናው አይነቀፍም። ዳሩ ግን በክረምት በግቢው የወረደውን ዝናብ በበሩ አስወጥቶ የሰደደው ራሱ መሆኑን የሚያስብ ሹም ጥቂት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ በዓመት 600 ሚሊሜትር በሚዘንብበት አገር 50 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 30,000 ሊትር ይቀበላል። የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ የማይናቅ ነው። እኔም ይህን ሒሳብ የተማርሁት ብዙ ዓመት ውሃውን ወደ ጎረቤቴ አጥር ሰድጄ አፈሩን ከሸረሸርሁበት በኋላ ነው።

ስለዚህ የአትክልት ቦታ የሚያበጅ ሰው መደቡን ቁልቁል ሳይሆን በተዳፋቱ አግድም ያውጣ። ከመደቡም በላይ ቦይ ቆፍሮ የጣራውን ውሃ ወደዚያ ይምራ፤ ቦዩ ከዳር እስከ ዳር በውሃ ልክ ተለክቶ እኩል ከሆነ፥ ውሃው ቆሞ ይሰርጋል እንጂ አይሮጥም። ከቤቱ መሠረት ግን ይራቅ። ችግኙ ፍግ በተጨመረበት ጎድጓዳ ስፍራ ይተከል፤ ፀሐይም እርጥበቱን እንዳትመጠው አፈሩ ይሸፈን። ገበሬው ገለባውን ለከብቱ ይፈልገዋልና ገለባ ጎዝጉዝ ብሎ ማዘዝ ከንቱ ነው፤ ዘር ያላፈራ አረም፥ የእንሰት ቅጠል፥ የቡና ገለፈት ይበቃል። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አይተከል።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። የኮንሶ ሰዎች ዝናብ በሚያንስበት ተራራማ አገራቸው ድንጋይ እየካቡ በሠሩት እርከን ማሽላና ሽፈራው ያበቅላሉ፤ ሥራቸውም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። እርከኑ የቆየላቸው ልጅ ከአባቱ ተቀብሎ የፈረሰውን ስለሚክብ ነው። በአንጻሩ ከ1966ና ከ1977ቱ ረኃብ ወዲህ በወሎና በሌላውም ስፍራ በእህል ክፍያ የተሠራውን እርከን፥ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ አካባቢ ብዙ ገበሬ በገዛ እጁ አፈረሰው። መሬቴን ወሰደብኝ፥ የአይጥ መሸሸጊያ ሆነብኝ ይል ነበር፤ ሲሠራም የጠየቀው አልነበረም።

ስለዚህ በእኔ አሳብ፥ ሹም የሆነ ሰው ትእዛዙን በወረቀት ከመበተኑ አስቀድሞ በገዛ ግቢው ይቆፍር፤ ጎረቤቱም በጥር ወር ጎመኑ ለምልሞ ሲያይ ይጠይቀው። ቦዩ የሚቆፈርበት ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ከሰኔ ዝናብ በኋላ የሚጀመር ቁፋሮ ጭቃ ከማቡካት አያልፍም።