መልካም ልማድ እንዴት ገዢ ያገኛል?



ምክር መስጠት ከሥራ ሁሉ የቀለለ ነው፤ የተሰጠው ምክር በሥራ ላይ ሲውል ማየት ግን ከሁሉ የከበደ ነው። «የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ የታመመ ሰው ሲኖር ወደ ሐኪም አድርሱ» የሚለው ቃል በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያውና በየስብሰባው ሲነገር ኖሯል። ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው» ይላል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እንደ ትናንቱ ይኖራል። ያን ጊዜ መካሪው «ይህ ሕዝብ አይሰማም» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰሚው ነውን? ወይስ ምክሩ የቀረበበት አኳኋን የጎደለው ነገር አለ? በዚህ ወር ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ነው።

እስቲ ሳሙና የሚሸጠውን ነጋዴ እንመልከት። ነጋዴው ገበያተኛውን አይገሥጽም፤ «ካልገዛህኝ ሰነፍ ነህ» አይልም። ይልቁንም ገዢው ምን እንደሚወድ፣ ከኪሱ ምን ያህል እንዳለው፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍና የማንን ቃል እንደሚያምን አስቀድሞ ያጠናል። ሳሙናው ሳይሸጥ ቢቀር ገዢውን አይወቅስም፤ ሽታውን ይለውጣል፣ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ሱቁን ያቀርባል።

ጂ. ዲ. ዊብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን አስተውሎ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ባወጣው ጽሑፉ፥ ወንድማማችነት እንደ ሳሙና ሊሸጥ የማይችለው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የደረሰበትም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የሰውን ልብ በንግግር ማነሣሣት ብቻውን አይበቃም፤ የተነሣሣው ሰው ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ በግልጥ ካልታየው፣ ሥራውም የሚፈጸምበት ቦታ በአቅራቢያው ከሌለ፣ የተቀሰቀሰው ስሜት ተመልሶ ይበርዳል። ከዚያም በ1971 ዓ.ም. ፊሊፕ ኮትለርና ጄራልድ ዛልትማን የተባሉ ሁለት የንግድ ትምህርት መምህራን ለዚህ አሠራር «ማኅበራዊ ግብይት» የሚል ስም ሰጡት። ስሙ ግብይት ይባል እንጂ ትርፉ ለሻጩ አይደለም፤ ትርፉ ለገዢውና ለመንደሩ ነው። ዋናው ነገር የነጋዴውን ጥንቃቄ ወስዶ ለሕዝብ ጤናና ደኅንነት ማዋል ነው።

ነገሩ በረቂቅ ቃል ብቻ እንዳይቀር፣ በአገራችን ብዙ እናቶችን ያሳወረውን የትራኮማን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ትራኮማ በዐይን ቆብ የውስጥ ገጽ ላይ የሚያርፍ በዐይን የማይታይ ተህዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። ዝንቡ የልጁን ዐይናር ፈልጎ ይመጣል፤ ከአንዱ ፊት ተነሥቶ በሌላው ፊት ላይ ያርፋል። ሕመሙ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልጎዳ ነበር፤ ነገር ግን ከሕፃንነት ጀምሮ እየተመላለሰ ሲይዝ የዐይን ቆቡ ከውስጥ ይጠባሰሳል፣ ይኮማተራል፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዐይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ጠጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። በየቤቱ እናቶች ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍታቸውን ሲያስነቅሉ የሚታዩት ከዚህ ሥቃይ ለጥቂት ቀን ለማረፍ ነው። ፍጻሜው ግን መታወር ነው። ሴቶች ልጆችን አቅፈው የሚያሳድጉ በመሆናቸው ሽፋሽፍታቸው የታጠፈባቸው ሴቶች ቍጥር ከወንዶቹ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል።

በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው ብሔራዊ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል ከ100ው 40ው ያህል በሽታው በዐይናቸው ላይ እንደ ነበረ አሳይቷል። በአማራ ክልል ግን ከ100ው 62ው ያህል ነበሩ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሊከለከል የሚችል ዕውርነት መሆኑን ስናስብ፣ ምክሩ ገዢ ማግኘቱና አለማግኘቱ ቀላል ነገር እንዳይደለ ይገባናል።

በሽታውን ለማጥፋት የዓለም ጤና ድርጅት ያጸናው መንገድ አራት ክፍል አለው፦ የታጠፈውን የዐይን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት፣ ለመንደሩ ሕዝብ ሁሉ መድኃኒት ማደል፣ የፊት ንጽሕና፣ እንዲሁም ውኃና መጸዳጃ ያለው ንጹሕ አካባቢ። ከእነዚህ ኋለኞቹ ሁለቱ በሐኪም እጅ ሳይሆን በቤተ ሰብ እጅ ያሉ ናቸው። ስለዚህም ነጋዴው የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች በእነዚህ ላይ ይጠየቃሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ የምናቀርበው ዕቃ ምንድር ነው? የሚል ነው። የጤና ባለሙያ «መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ዝንብ ይቀንሳል» ይላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነውና፣ በጉድጓድ ውስጥ አይራባም። ነገር ግን በሩቅ ዘመን ለሚመጣ ዕውርነት ዛሬ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጥቂት ነው። በ2004 ዓ.ም. በአማራ ክልል በካርተር ማዕከል ርዳታ የመጸዳጃ ሥራ ሲጀመር ለዓመቱ የታቀደው 10,000 ጉድጓድ ነበር፤ የተሠራው ግን ከ89,000 በላይ ሆነ። ሥራው ጎልቶ ከታየባቸው ወረዳዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው ሁለት እጁ እነሴ ነው። ይህን ሥራ በብርቱ የገፉት ሴቶች ናቸው። ሴት በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ዘወር ማለት ነውር ስለ ሆነባት፣ እስኪመሽ ድረስ ሰውነቷን እያስጨነቀች ትውላለች። ጉድጓዱ ለእርሷ በመጀመሪያ የዝንብ መከላከያ አልነበረም፤ የክብሯ መሸሸጊያ ነበረ። የዐይን ጤና በዚያው መንገድ ተከትሎ ገባ። በቤኒን አገር ገጠር የተደረገ ጥናትም ሰዎች መጸዳጃ ቤት የሚሠሩት ከበሽታ ይልቅ ለክብር፣ ለምቾትና ለገመና ሲሉ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ መካሪ የሆነ ሰው «እኔ ምን ልንገራቸው?» ከማለቱ አስቀድሞ «እነርሱ ምን ይናፍቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የዋጋ ነው። ዋጋ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይምሰለን። እንስራዋን ተሸክማ ከሩቅ ምንጭ ለምትመጣ እናት፣ የልጆቿን ፊት መታጠቢያ ውኃ ዋጋው ጀርባዋና ጊዜዋ ነው። በታንዛንያ አገር ኮንግዋ በሚባል ደረቅ ወረዳ ስለ ትራኮማ ያጠኑ ሰዎች፣ የመንደሩ ነዋሪዎች ለፊት መታጠቢያ ያስፈልጋል ብለው የሚገምቱት ውኃ በእውነት ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ መሆኑን አስተዋሉ። ውኃው በፊታቸው እየተለካ ልጆች ሲታጠቡ ባዩ ጊዜ ግን፣ ብዙ መስሎ የታየው ዋጋ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ነገር ከመቶ ስብከት አንድ ጆግ ውኃ የበለጠ ያስረዳዋል። በቀዶ ጥገናውም ነገር እንዲሁ ነው። ሕክምናው ያለ ክፍያ ቢሰጥም እንኳ፣ አንዲት አሮጊት የምትከፍለው ሌላ ዋጋ አለ፦ የቢላዋው ፍርሃት፣ የመንገዱ ድካም፣ እጇን ይዞ የሚያደርሳት ሰው ማጣት፣ በሌለችበት ቀን ቤቱን የሚጠብቅ አለመኖር። ይህን ዋጋ ሳይቀንሱ «ለምን አልመጣሽም?» ብሎ መጠየቅ ትክክል አይሆንም።

ሦስተኛው ጥያቄ የቦታ ነው። ሱቁ ሩቅ የሆነበት ገዢ ባዶ እጁን ይቀራል። ውኃው በጓዳ፣ ጄሪካኑም በአጥር ማዶ ከሆነ ልጅ ፊቱን አይታጠብም። ውኃ የያዘ ቅል ወይም ትንሽ ጄሪካን በበሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ፣ ሳሙናውም በገመድ ታስሮ ከተገኘ ግን፣ ነገሩ ራሱ ልጁን ያስታውሰዋል። ሐኪም ቤት ድረስ መሄድ ለማይችሉትም ሠልጣኝ ባለሙያዎች በየወረዳው እየተዘዋወሩ የዐይን ቆብ ቀዶ ጥገና ማድረጋቸው ብዙዎችን ያዳነው ስለዚሁ ነው።

አራተኛው ጥያቄ የቃልና የተናጋሪው ነው። በጋና አገር በ2003 ዓ.ም. ገደማ እናቶች እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ለማድረግ ዘመቻ ተጀመረ። አስቀድሞ በተደረገው ጥናት በየቤቱ ሳሙና እንዳለ ታወቀ፤ ነገር ግን ለልብስና ለገላ እንጂ ከመጸዳጃ በኋላ ለእጅ አይውልም ነበር። ስለ ተህዋስያን ብዙ ከመናገር ይልቅ፣ በቴሌቪዥን ከመጸዳጃ የወጣች እናት በእጇ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ እድፍ ይዛ ለልጇ ምግብ ስታዘጋጅ፣ እድፉም ወደ ምግቡ ሲተላለፍ አሳዩ። እናት ለልጇ እድፍ ማጉረሥ አትወድምና ሥዕሉ ከብዙ ትምህርት ይልቅ በልብ ቀረ።

እነሆ አራቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ይህ ጥበብ ሁለት ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል።

አንደኛው፣ የነጋዴው ጥበብ የነጋዴውን ሽንገላ ይዞ መግባት የለበትም። ስለ መልካም ነገር ብለን ውሸት ብንናገር፣ ውሸቱ በታወቀ ቀን እውነቱም ተአማኒነት ያጣል። ደግሞም ሰውን በማሳፈር ማሠራት አደገኛ ነው። የአንድ ድኻ ልጅ ፊት በጉባኤ መካከል «ይህ ቆሻሻ ነው» ተብሎ ቢታይ፣ እናቱ በማግሥቱ ልጇን ትደብቃለች እንጂ አታጥብም። ክብርን ለመስጠት የተነሣ ሥራ ክብርን በመግፈፍ ሊጀመር አይችልም።

ሁለተኛው፣ ልማድን መለወጥ ብቻውን ሁሉን አይፈውስም። በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ከ2015 እስከ 2019 ዓ.ም. በ40 መንደሮች ላይ አንድ ጥንቃቄ የተመላበት ሙከራ ተደርጓል። እኩሌቶቹ መንደሮች ውኃ፣ የመጸዳጃ ሥራና የፊት መታጠብ ትምህርት ወዲያው ሲያገኙ፣ ሌሎቹ ሙከራው እስኪያልቅ ቆዩ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ በሁለቱ ወገን ሕፃናት ዐይን ላይ በተገኘው ተህዋስ መጠን ልዩነት አልታየም። ይህ ውጤት ብዙዎችን አሳዝኗል፤ ነገር ግን ሊሸሸግ አይገባውም። የሚያስተምረንም ፊት መታጠብ ከንቱ መሆኑን አይደለም፤ በሽታው በጸናበት አገር ንጽሕና ያለ መድኃኒት፣ በጥቂት ዓመትም ብቻ፣ ሸክሙን ሁሉ ሊያነሣ አለመቻሉን ነው። ስለዚህ የመንግሥትና የባለሙያ ድርሻ የሆነውን መድኃኒትና ውኃ ትቶ፣ «ሕዝቡ ፊቱን ስለማይታጠብ ነው» ብሎ ጥፋቱን ሁሉ በእናቶች ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊም በ2022 ዓ.ም. ትራኮማን የሕዝብ ጤና ጠንቅ ከመሆን ማስወገዳቸው በዓለም ጤና ድርጅት ተመስክሮላቸዋል። አራቱን መንገዶች አንድ ላይ ይዞ ዓመታት መታገሥ ፍሬ እንደሚሰጥ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? የልጆችን ፊት መታጠብ አዲስ ሥራ አድርገን ሳይሆን፣ ከዱሮው ልማድ ጋር አያይዘን እንጀምረው፦ ማለዳ ከቁርስ በፊት፣ ከሰዓት በኋላም ከጨዋታ ሲመለሱ። ውኃው በበሩ አጠገብ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ማበሻ እንስጠው፤ ካልተገኘም ፊቱ በንፋስ ይድረቅ እንጂ አንዱ ፎጣ ለሁሉ አይዙር። የመድኃኒቱ እደላ በሚደረግበት አገር፣ የቀኑ ወሬ በተሰማ ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ይገኝ፤ አንድ ልጅ ቢቀር በሽታው በእርሱ ዘንድ ተጠብቆ ይቆያልና። ከስድስት ወር በታች ላሉት ሕፃናት የሚቀባ የዐይን ቅባት ስላለ እነርሱም ቤት አይቅሩ።

ማኅበርና ሰንበቴ የምትጠጡ፣ በእድርም የምትሰበሰቡ ወገኖች ሆይ፤ እናንተ ደግሞ ሩቅ ያለው ባለሙያ የሌለው ሀብት አላችሁ፤ ይኸውም መታመን ነው። በመካከላችሁ ወረንጦ ይዛ የምትኖር እናት ብትኖር፣ አንዱ አህያውን ያውሳት፣ አንዷ ከቤቷ ትዋልላት፣ አንዱም እጇን ይዞ ያድርሳት። ቀድሞ ታክማ የዳነች ጎረቤት ካለች ፍርሃቷን እርሷ ታስወግድላት፤ የሠለጠነ ሰው ከሚናገረው ይልቅ «እኔም ፈርቼ ነበር» የሚለው የጎረቤት ቃል ይሰማልና። እንዲህ ስታደርጉ የሚከብደውን ዋጋ እናንተ ተካፍላችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

መካሪ ለመሆን የምንወድ ሁላችን፣ በሚመጣው ጊዜ ምክራችን ሳይሰማ ሲቀር ሰሚውን ከመውቀሳችን በፊት እነዚህን አራት ነገሮች እንጠይቅ፦ ያቀረብንለት ነገር እርሱ የሚሻው ነውን? ዋጋው አልከበደበትምን? በአቅራቢያው ያገኘዋልን? የነገረውስ ሰው የሚያምነው ነውን? ለእነዚህ መልስ ካገኘን ሥራው ከእኩሌታው በላይ ተሠርቷል።

እግዚአብሔር ለሁላችን ብርሃነ ዐይንንና የሚያስተውል ልብን ይስጠን።