የላብ አደሩ ልጅና የድንበሩ ዋጋ

ካፒታሊስታዊው ሥርዓት የሚፈልገው የሠራተኛውን ጉልበት እንጂ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ አይደለም። የጉልበቱ ባለቤት እናት ወይም አባት መሆኑ በቀጣሪው የሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ትርፍ ወጪ ይቆጠራል። ለዚህም ታሪክ ምስክር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ብራሴሮ በተባለው ውል የሜክሲኮን ገበሬዎች ለእርሻ ሥራ ስታስገባ፣ ሚስትና ልጆቻቸው ከድንበር ማዶ እንዲቀሩ አድርጋለች። ምዕራብ ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1973 የውጭ ሠራተኞችን ምልመላ ካቆመች በኋላ፣ የገቡትን ሠራተኞች ልጆች መምጣት በዕድሜ ለመገደብ ስትጣጣር ቆይታለች።

ይህ ጉዳይ ከእኛ የራቀ አይደለም። በየሠፈራችን ከአያትና ከአክስት ጋር የሚያድጉ፣ እናታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያውቁ ሕፃናት ጥቂቶች አይደሉም። እናት አሜሪካ ገብታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ወይም የሆቴል ክፍል ስትጠርግ የሌላውን ወላጅ ታጥባለች፤ የራሷን ልጅ ግን ለማጠብ ቪዛ ያስፈልጋታል። ልጁን አጥብቶ፣ አስተምሮና አሳክሞ ያሳደገው የእኛ ሠፈር ነው። የደረሰውን ጉልበት በነፃ የሚረከበው ግን የባዕዱ ገበያ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ይህን እንዴት እንደሚሠራው በተጨባጭ እንመልከት። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላት እናት ለልጇ ብታመለክት፣ በየዓመቱ በተወሰነ ኮታ ውስጥ ገብታ ተራ ትጠብቃለች። ዜግነት ያገኘች እናት ግን ላላገባና ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጇ ያለ ኮታ ታመለክታለች። እናቲቱ ያችው ናት፤ ልጁም ያው ነው። የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። ያን ወረቀት ለማግኘት ግን በመደበኛው መንገድ 5 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ መቆየትን ይጠይቃል። ልጇን በ12 ዓመቱ ትታ የሄደች እናት ዜጋ እስክትሆን ልጁ 17 ይሞላዋል።

እዚህ ላይ አንድ ዓመት ምን ያህል እንደሚመዝን ልብ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2001 በሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ 18 ዓመት ሳይሞላው በመኖሪያ ፈቃድ ገብቶ ከዜጋ ወላጁ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነቱ ሥር የሚኖር ልጅ ወዲያውኑ ዜጋ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ወላጁ የገቢ ዋስትና ከማቅረብ ነፃ ነው። 18 የሞላው ልጅ ግን ዜግነቱን በራሱ ጊዜ ይጠብቃል፤ እናቱም ገቢዋ ከመንግሥቱ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ በታች አለመሆኑን ማስመስከር አለባት። ማመልከቻ ሳይገባለት 21 ከሞላው ወይም ካገባ ደግሞ የዓመታት ሰልፍ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ የልጁ የልደት ቀን የደስታ ቀን መሆኑ ቀርቶ የሚያስፈራ የጊዜ ገደብ ሆኗል።

የዋጋውም ነገር መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ይኸው የቤተሰብ ማመልከቻ በወረቀት ሲቀርብ የሚከፈልበት ገንዘብ ከ535 ወደ 675 ዶላር ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፌዴራል ደረጃ በተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ለምትሠራ እናት ይህ ከ93 ሰዓት ሥራ በላይ ነው። የሕክምና ምርመራ፣ የቪዛና የአውሮፕላን ወጪ ገና አልተጨመረም። ሀብታም ወላጅ የሚከፍለው ያው ክፍያ ነው፤ ክፍያው እኩል ነው፣ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። ቡርዥዋዊ እኩልነት የሚባለውም ይኸው ነው።

አንዳንዶች «ማንኛውም ሀገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው» ይላሉ። እርግጥ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 10 ላይ፣ የቤተሰብ መገናኘት ጥያቄ በቀና፣ በሰብአዊና በተፋጠነ መንገድ እንዲታይ መንግሥታትን ያስገድዳል። አሜሪካ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1995 ፈርማ አላጸደቀችውም። ስለ ሰብአዊ መብት ለሌላው የምታስተምር ሀገር በዚህ ረገድ ምን እንደምትመልስ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ሂሱ ግን ወደ ውጭ ብቻ የሚሰነዘር አይደለም። በእኛም ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ልጇን ለማምጣት ስትል ዜግነቷን የለወጠች እናት በልጇ ሀገር ባዕድ ትሆናለች፤ ልጁም በእናቱ ሀገር ባዕድ ነው። የልደት ምዝገባችንም ቢሆን በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ዘግይቶ የወጣ ማስረጃ ይዘው ቆንስላ ፊት ይቆማሉ። ማስረጃው ሲጠረጠርም እናትነት በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ እንዲረጋገጥ ይጠየቃል፤ ወጪውም የቤተሰቡ ነው።

ከሁሉ የከፋው የደላላው ሥራ ነው። ደላላው የዲቪ ቅጽ ሲሞላ «ልጅ የለኝም በይ፣ ይቀልልሻል» ብሎ ይመክራል። በቅጹ ላይ ልጅን መደበቅ ዕጣውን ሊያሰርዝ የሚችል ጥፋት ከመሆኑም በላይ፣ ከዓመታት በኋላ ያው እናት ለልጇ ስታመለክት የራሷ ፊርማ ይመሰክርባታል። የወንድምን ልጅ የራስ አስመስሎ ማቅረብም እንዲሁ የእውነተኞቹን ልጆች ፋይል ለጥርጣሬ ያጋልጣል። የችግረኛውን ናፍቆት ሸቀጥ ያደረገ ደላላ ከዚያ ማዶ ካለው በዝባዥ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

ስለዚህ በየማኅበሩና በየሥራ ቦታው ተግባራችን ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ሕፃን በተወለደበት ወቅት የልደት ማስረጃ እንዲወጣለት ማድረግ፣ የወላጆቹ ስም በየሰነዱ አንድ ዓይነት መሆኑን መከታተል፣ በውጭ ያለች እናት ዜግነት እስክታገኝ ሳትጠብቅ የመኖሪያ ፈቃዷን እንደያዘች እንድታመለክት መንገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ፣ እናት ልጁ 21 ሳይሞላው ዜጋ ከሆነች ዕድሜው በዚያ ቀን ባለበት እንዲቆጠርለት ያደርጋልና። የምስክር ወረቀት የሚጽፍ የሠፈር ሹምም ያየውንና የሚያውቀውን ብቻ ይጻፍ።

ልጅ ከወላጁ ጋር መኖሩ በክፍያ የሚገዛ ችሮታ አይደለም፤ መብት ነው። ይህ መብት በተሟላ መልኩ የሚከበረው የሠራተኛው ጉልበት በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ሠራተኛው ከነልጁ እንደ ሰው ሲቆጠር ነው። እስከዚያው ድረስ ግን አንድም ሕፃን በእኛ ቸልተኝነት ወይም ሐሰት ምክንያት ዕድሜው እንዳያልፍበት እንጠብቅ።